«ተመስገን» በምን ይለካል?

«አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ» አሉ መምህሩ፣ ምንታምር ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ።

የምንታምር ሥራ ሕመምተኞችን መጠየቅ ነው። በሆስፒታሉ አልጋ ላይ የከረሙበትን ጊዜ እንዴት እንዳገኙት ትጠይቃለች፤ መልሳቸውን ቅጽ ላይ ሞልታ፣ ደምራ፣ ከመቶ ስንቱ እንደረኩ ለዳይሬክተሩ ታቀርባለች። የዚህ ወሩ ዘጠና ስምንት ወጥቶላታል። ዳይሬክተሩም ዓርብ በትልቁ ተጽፎ በሆስፒታሉ በር ላይ እንዲለጠፍ አዝዟል። እሷ ግን ከዚያ በፊት ነርስነት ወዳስተማሯት ጡረተኛ ቤት ሄዳ እንዲህ አለቻቸው፦ «መምህር፣ ስጠይቃቸው ሁሉም ተመስገን ይላሉ። ፊታቸው ሌላ ነው፣ አፋቸው ሌላ። ግን ሕመምተኛው ራሱ ደህና ነኝ ካለኝ፣ እኔ ከሱ በላይ ምን ላውቅ ነው? ያሉትን ብጽፍ ምን ጥፋት...»

መምህሩ አላስጨረሷትም። ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው ቀጠሉ።

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ድንጋይ ከሚፈልጥበት ካባ ላይ ቋጥኝ ተንሸራቶ ጭኑን ሰበረውና ሆስፒታል አስገቡት። የተኛው የወንዶች ክፍል፣ አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ ነው። አጥንቱ እንዲገጥም እግሩ በገመድ ተወጥሮ፣ በገመዱ ጫፍ ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ ስድስት ሳምንት በጀርባው መተኛት ነበረበት። ሐኪሞቹ ጎበዞች ነበሩ። አጥንቱ ቀጥ ብሎ ገጠመለት። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ሰውየው ሐኪም የሚጠላ እንዳይመስልሽ ነው።

በክፍሉ ሠላሳ አልጋ ነበረ። ለሠላሳው አልጋ በቀን አንዲት ረዳት ነበረች። ቀድሞ አስታማሚዎች ገብተው ዘመዳቸውን ያጥቡ፣ ያገላብጡ፣ ያጎርሱ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ግን «ክፍሉ ገበያ መሰለ» ብሎ ከጉብኝት ሰዓት በቀር አስታማሚ እንዳይገባ ከለከለ። ክፍሉ ጸዳ፤ ጸጥም አለ። ለጉብኝት የመጣ ሹም ሁሉ ያደንቅ ነበር። ሰውም በስሙ መጠራቱ ቀረ። «አሥራ አንድ ቁጥር መርፌ»፣ «አምስት ቁጥር ራጅ» ነበር የሚባለው።

አሥር ቁጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ከሩቅ ወረዳ የመጡ ናቸው፤ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልጃቸው አድርሷቸው፣ አጨዳው እንዳያልፍበት ተመልሷል። በአገራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲመጡ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ሰው ነበሩ። እዚህ ግን እሳቸው ራሳቸው መነሳት አልቻሉም።

በሁለተኛው ቀን የሽንት ዕቃ ጠየቁ። ረዳቷ ከማለዳ ጀምሮ ቁጭ አላለችም። «አሁን አይደል እንዴ የሰጠሁዎት? ሌላውም እኮ ሰው ነው፤ ትንሽ ይቻሉት» አለች። ጮክ ብላ ስለተናገረች ክፍሉ ሁሉ ሰማ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተዉ።

ይህን ያየ ድንጋይ ጠራቢው ብቻ ነው። በጀርባው የታሰረ ሰው ጎረቤቱን ካላየ ምን ያያል? ምግብ ሲመጣ ሽማግሌው ሁለት ሦስት ጉርሻ ይቀምሳሉ፤ ኩባያውን አንስተው ከንፈራቸውን ብቻ አርጥበው ይመልሱታል። አጠገባቸው ያለው ጆግ ጠዋት እንደተሞላ ይውልና ይደፋል።

«አባቴ፣ ውሃ ይጠጡ እንጂ» አላቸው።

«ከጠጣሁ ልለምን ነው» አሉት። «ሰባ አራት ዓመት ስኖር ለሽንት ሰው ለምኜ አላውቅም።»

«እኔ ልጥራልዎት።»

«ብትጠራ ሁለተኛ አላናግርህም።»

ተነስቶ እንዳያቀብላቸው እግሩ ታስሯል። እንዳይጠራም፣ ሽማግሌ ተው ሲል መተው ነው ያደገበት። ዝም አለ።

ሐሙስ ሐሙስ ከመዝገብ ክፍል አንዲት ጸሐፊ ወረቀት ይዛ በየአልጋው ትዞራለች፣ እንደ አንቺው። ከኋላዋ የክፍሉ ኃላፊ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ ይቆማል። ሕክምናው እንዴት ነው? ንጽሕናውስ? ሠራተኞቹ ያከብሩዎታል? ወረቀቱ ላይ ከ«በጣም ጥሩ» እስከ «በጣም ዝቅተኛ» አምስት ሳጥን አለ። ሕመምተኛው ይመልሳል፣ እሷ ምልክት ታደርጋለች፣ እሱ ይፈርማል። ፊርማ የማያውቅ አውራ ጣቱን ያትማል።

አሥር ቁጥር ጋ ስትደርስ «አባባ፣ ሠራተኞቹ ያከብሩዎታል?» አለቻቸው።

ሽማግሌው በትከሻዋ ላይ አሻግረው ኃላፊውን አዩት። ምላሳቸው ደርቆ ከላንቃቸው ተጣብቋል። «ተመስገን» አሉ። «እግዜር ይስጣችሁ።»

በጣም ጥሩ ላይ ምልክት አደረገች። ቀጥላ ድንጋይ ጠራቢውን ጠየቀችው። እሱም «ተመስገን» አለ።

ቅዳሜ ሽማግሌው መቃዠት ጀመሩ። በሌሉ ሰዎች መካከል ገብተው የወሰን ክርክር ይዳኛሉ። «አንተም ተቀመጥ፣ አንተም ተቀመጥ፤ ድንበሩን እኔ አውቀዋለሁ» ይላሉ። ሐኪም ተጠራ፣ ግሉኮስ ተሰካላቸው። ረፍዶ ነበር። ሰኞ ከቀትር በኋላ አረፉ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ ብሎ ጻፈ፤ የጻፈው እውነት ነው። ለምን አቆመ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ማክሰኞ በአልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኛ።

ረቡዕ የድንጋይ ጠራቢው እግር ተፈታ። ክራንች ተሰጠውና በማግሥቱ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ተነገረው። ሐሙስ ጸሐፊዋ መጣች።

«አሥራ አንድ ቁጥር፣ ሠራተኞቹ ያከብሩዎታል?»

ሰውየው ተመስገን አላለም። «ያ ሽማግሌ ባለፈው ሐሙስ ይህን ስትጠይቂያቸው ምን ነበር ያሉሽ?» አላት።

«የሌላ ሰው መልስ አይነገርም።»

«ንገሪኝ አላልኩም። አጠገባቸው ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። ተመስገን ነው ያሉሽ። አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ጸሐፊዋ ወረቀቷን አየች። «በጣም ጥሩ» አለች ቀስ ብላ።

«እሳቸው ያመሰገኑት እግዜርን ነው» አላት። «እናንተን አላመሰገኑም። የሱን ምስጋና ለምን ለራሳችሁ ጻፋችሁት?»

ኃላፊው ጣልቃ ገባ። «በቃ፣ መካከለኛ በይለትና እንለፍ» አለ።

ኃላፊው፣ ኃላፊው እያልኩ እስከ መጨረሻው ልዘልቅ ነበር ያሰብኩት፤ አልሆነልኝም። ያ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ምንታምር። አስታማሚ የከለከልኩትም፣ ከጸሐፊዋ ኋላ የቆምኩትም እኔ ነኝ። እንደዚያ አትዪኝ። አዳምጪኝ።

«ዶክተር፣ አልጨረስኩም» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ነጭ የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ይሉታል። ወደ እሷ ዞረና «ጻፊ» አላት። «አቶ ድልነሳው ቢያዝን የሚባሉ ሰው እዚህ ተኝተው ነበር። አሥር ቁጥር አይደለም ስማቸው። በውሃ ጥም ሞቱ። ውሃው አጠገባቸው ነበር። ውሃ ከጠጡ የሽንት ዕቃ መለመን ስላለባቸው፣ ሲለምኑ ደግሞ ስለተሰደቡ አልጠጡም። እኔ አይቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ተመስገን ያልኩሽን ሰርዢው።»

«ቦታ የለውም» አለች። «አምስቱ ሳጥን ብቻ ነው ያለው።»

«ገልብጪው። ጀርባው ባዶ ነው።»

እኔ «ከቅጹ ውጪ ምንም አይጻፍም» አልኩ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«እንግዲያው አልፈርምም» አለ።

ደንባችን የታወቀ ነው፤ ቅጹ ካልተፈረመ የመውጫ ወረቀት አይሰጥም። ነገርኩት። «ካልተሰጠኝ አልወጣም» አለኝ። አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ አለ አልኩት። ይህ እንኳ ልቡን ይነካዋል ብዬ ነው። ነካው መሰለኝ፤ ክራንቹን አንስቶ ወረደና ከክፍሉ በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። «አልጋውን ውሰዱ» አለ። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ዘበኛ ጠርቼ አስወጣው አልኩት። ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ፣ «የመውጫ ወረቀት የሌለው በሽተኛ በሩን እንዳያልፍ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። እየሳቀብኝ ይሁን እየፈራኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በጉብኝት ሰዓት ሚስቱ መጣች። ልታስወጣው ነበር የመጣችው። «አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ እንግባ። የሞተ እንደሁ አይመለስ» አለችው።

«የሞተው አይመለስም» አላት። «የተጻፈው ግን ሊታረም ይችላል።»

ብዙ ተነጋገሩ፤ ሁሉን አልሰማሁም። በማግሥቱ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች ሞልታ ይዛለት መጣች። እሱ የፕላስቲኮቹን አፍ በቢላ እያሰፋ ቆረጠ፣ በሲባጎ አሰረ። ከዚያ በክራንቹ እየተንፏቀቀ ከአልጋ አልጋ ሄዶ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ በሚያገኘው ቦታ አንዳንድ ፕላስቲክ አንጠለጠለ። «ማንንም አትለምኑ» አላቸው። «ውሃ ጠጡ። ሲሞላ እኔ እደፋዋለሁ።»

ደግሞም ደፋው። አንድ ክራንች በብብቱ፣ ፕላስቲኩ በሌላ እጁ፣ ሠላሳ ሰው። ረዳቷ መጀመሪያ አይታ አለፈች። ከሰዓት በኋላ ከእጁ እየተቀበለች ትደፋለት ጀመር። እኔ ምን አደረግሁ? ክፍሉን አበላሸው ብዬ ፕላስቲኮቹን ለቃቅመው እንዲጥሉ አዘዝኩ። ጣሉ። በማግሥቱ ሌላ ከረጢት መጣ። እሱንም አስጣልኩ። ሦስተኛ መጣ። የድንጋይ ጠራቢ ትዕግሥት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ ድንጋይ በአንድ ምት እንደማይሰነጠቅ የሚያውቅ ሰው አይቆጣም፣ ይደግማል።

ሐሙስ ደረሰ። ጸሐፊዋ ወረቀቷን ይዛ መጣች፤ እኔም ከኋላዋ ቆምኩ። አንድ ቁጥር ላይ የተኛው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ እጁ የተሰበረ።

«ሠራተኞቹ ያከብሩዎታል?»

«ገልብጪው» አላት።

አልገባትም መሰለኝ፤ ጥያቄውን ደገመችው። «ወረቀቱን ገልብጪውና ልንገርሽ» አላት። ሁለት ቁጥር ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «የኔንም» አለ። ከወዲያኛው ጥግ አንድ ድምፅ «የኔንም» አለ።

ጸሐፊዋ ዞራ አየችኝ። ቤት ውስጥ የምትጦራቸው እናት እንዳሏት፣ ይህ ሥራ ብቻ እንዳላት አውቅ ነበር። «ተይ» አልኳት። ወረቀቱን ገለበጠችና ከሹፌሩ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። በዚያ ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሕመምተኛን የሰማ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጥቂት ጠብቄ ወጣሁ፤ እኔ ስወጣ የክፍሉ ድምፅ ከፍ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሠላሳውን ወረቀት፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጋ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

«ከፊት ያሉትን ሳጥኖች ሞልተሽ አምጪ» አልኳት።

«መጀመሪያ ያንብቡት» አለችኝ። «ከዚያ ይቆጡኝ።»

አነበብኩ። ሐኪሞቹ ራሱ ላይ ቆመው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ እግሬን ሊቆርጡ ነው ብሎ ሁለት ሳምንት ያላንቀላፋ ሰው አለ፤ የሚነጋገሩት ስለ ሌላ በሽተኛ ነበር። ሴት ልጁ ልትጠይቀው በመጣችበት ሰዓት ገላውን ሲያጥቡት መጋረጃ አንጋርድም ብለውት፣ ከዚያ ወዲያ ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ያፈረ አለ። አንዱ፣ ሰባት ቁጥር፣ አንዲት መስመር ብቻ ነበር ያስጻፈው፦ «ኃላፊው ሲያልፍ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።» ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። እኔ በዚያ ክፍል ስመላለስ፣ ሕመምተኞቼ ዕረፍት አግኝተው ተኝተዋል እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ለድንጋይ ጠራቢው የመውጫ ወረቀቱን ራሴ ይዤለት ሄድኩ። የሱንም ቃል፣ የአቶ ድልነሳውንም ነገር ጸሐፊዋ ጽፋዋለች። እንዲነበብለት ጠየቀ፤ አነበብኩለት። አንድ ቦታ ላይ አስቆመኝ። «ዝም ብያለሁ የሚለው አለ?» አለ። አለ አልኩት። ፈረመ። ይቅርታ አድርግልኝ ልለው አፌን ስከፍት፣ «እኔን አይደለም» አለኝና ሚስቱን ይዞ ሄደ። ሁለተኛ አላየሁትም። የሽማግሌውን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው፣ ቀላልም አልነበረም።

የዚያ ወር ቁጥራችን ከዘጠና ሰባት ወደ ሃምሳ አንድ ወረደ። አስታማሚ እንዲገባ ፈቀድኩ። ለየአልጋው የራሱ የሽንት ዕቃ ተሰጠ፣ ሁለተኛ ረዳት ተጨመረች፣ ስም በአልጋው ራስጌ ተጻፈ። ክፍሉ ገበያ መሰለ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ጭራሽ ወደ አርባ ስድስት ወረደ፤ ሰው ብናገር ይሰማኛል ብሎ ሲያምን፣ ችሎ የኖረውን ሁሉ ማውጣት ይጀምራላ። የበላይ አለቃዬ ጠርቶ፣ «እስከ ዛሬ ቁጥርህ ጥሩ ነበር፤ ምን ነካህ?» አለኝ። ወረቀቶቹን ከነጀርባቸው ሰጠሁት። አላገላበጣቸውም። ከኃላፊነት ተነሳሁ። ጸሐፊዋም ካርድ ወደሚወጣበት መስኮት ተዛወረች። ነገር ግን አስታማሚ የገባበትን ክፍል መልሶ ባዶ ማድረግ ለተተኪዬ አልተቻለውም። ሕመምተኞቹ እምቢ አሉ።

መምህሩ እዚህ ላይ አቆሙና ምንታምርን አዩዋት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄሽ 'ሕመምተኛው ደህና ነኝ ካለ እኔ ምን ላውቅ ነው' የሚል ነው። አንቺ ያቺ ጸሐፊ ነሽ። ዳይሬክተርሽ እኔን ነው፣ የድሮውን እኔን። ከአልጋው ላይ ተመስገን የሚሉሽ ሁሉ አቶ ድልነሳው ናቸው። ድንጋይ ጠራቢው ግን በየክፍሉ አይተኛም፤ ስለዚህ እስኪመጣልሽ አትጠብቂ። ረክተዋል ወይ ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ የረካ ሰው እየፈለግሽ እንደሆነ ያውቃሉ፣ እሱኑ ይሰጡሻል። ዛሬ ውሃ ስንት ጊዜ ጠጡ በዪ። ሲያምዎ ማንን ጠሩ፣ መጣልዎ ወይ በዪ። ሐኪሙ የነገረዎትን ለኔ ይንገሩኝ በዪ። ስምዎን ዛሬ ማን ጠራዎ በዪ። ብቻሽን ሂጂ፣ ጋዋንሽን አውልቂ፣ ተቀመጪ። ሰው የደረሰበትን እንጂ ምስጋናውን አትለኪ፤ ምስጋናው ያንቺ አይደለም።»

«ዳይሬክተሩ ግን ዓርብ ዘጠና ስምንት ነው የሚጠብቀው» አለች ምንታምር። «ሌላ ነገር ይዤ ብገባ ያባርረኛል።»

«ያባርርሽ ይሆናል። እኔንም አንስተውኛል፤ ይቀርልሻል ብዬ አልዋሽሽም።» ከወንበራቸው ተነሱ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። እስከ ዓርብ ሁለት ቀን አለሽ። ከነገ ጠዋት ጀምረሽ ከመጀመሪያው አልጋ እንደገና ጠይቂ። ያገኘሽውን ይዘሽ ግቢ። ቁጥሩ ወረደ ብሎ ሲጮህብሽ፣ 'አዎ ወርዷል፤ ያለፈው ውሸት ነበር፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ' በዪው። ስትዪውም ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ።»